አንጎልን ሲገምት እጅ ከፍንጅ መያዝ፦ በቤት ዕቃ የሚሠሩ ሙከራዎች፣ ከጅማ

ሥራዬ ቡና መቅመስ ነው፤ እዚሁ ጅማ። አዳዲስ ቀማሾችንም አሠለጥናለሁ። የመጀመሪያው ቀን ላይ ታዲያ ስለ ቡና ብዙም አናወራም። ማንኪያ ከማስያዜ በፊት ጣሳ አስነሳቸዋለሁ። ጣታቸውን አጠላልፈው የቡና ፍሬ እንዲያንከባልሉ አደርጋለሁ። አፍንጫቸውን አስይዤ ቡና አስጠጣቸዋለሁ። ግራ ይገባቸዋል። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። ምላሱ የነገረውን ሁሉ እንዳለ የሚቀበል ሰው፣ የቀመሰው ቡናውን ይሁን ወይስ አስቀድሞ የጠበቀውን፣ መለየት አይችልም። አንጎል መሃል ገብቶ ምን እንደሚሠራ ያላየ ሰው ጥሩ ቀማሽ ይሆናል ብዬ አላምንም።

ሙከራዎቹን ለመሥራት ግን ቀማሽ መሆን አያስፈልግም። ዕቃው በሙሉ ቤት ውስጥ አለ፤ የጎደለውን ከጎረቤት ትዋሳላችሁ። ክረምት ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብና ልጆች ቤት ሲውሉ፣ ከዚህ የተሻለ መዋያ አላውቅም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። አንጎል የተቀመጠው የራስ ቅል ውስጥ፣ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ነው። ብርሃን አይገባበትም። የሚደርሰው ከዓይን፣ ከጆሮ፣ ከቆዳ፣ ከአፍንጫና ከምላስ በነርቭ የሚመጣ ምልክት ብቻ ነው። ምልክቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጎደሎ ነው። ስለዚህ አንጎል የጎደለውን ከልምዱ ይሞላል። የጅማው ገበያ ሄርማታ መርካቶ ብዙ ዘመን የሠራ ነጋዴ ከጆንያው አንድ እፍኝ ዘግኖ አይቶ የሙሉውን ዋጋ ይቆርጣል። አንጎልም እንደዚያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግምቱ ልክ ነው፤ ባይሆንማ ኖሮ መንገድ እንኳ ማቋረጥ አንችልም ነበር። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ በ1860ዎቹ ይህንኑ አስተምሯል። የምናየው ነገር ሳይታወቀን የምንደርስበት ድምዳሜ ነው ይል ነበር። ግምቱ ልክ ሲሆን ግምት መሆኑ አይታወቅም። ሲስት ነው የሚታየው። እኛም የሚስትበትን ቦታ እየፈለግን እንሄዳለን።

አንድ ፍሬ፣ ሁለት ጣት

በቀላሉ ጀምሩ። የመሃል ጣታችሁን በሌባ ጣታችሁ ላይ አጠላልፉ። ዓይናችሁን ጨፍኑ። ሌላ ሰው አንድ ፍሬ ቡና ጠረጴዛ ላይ አድርጎ በተጠላለፉት ጣቶች ጫፍ መሃል ያግባላችሁ። ፍሬው ሁለቱንም ጣት መንካት አለበት። አሁን ቀስ አድርጋችሁ ወዲያና ወዲህ አንከባሉት። ጀንፈል፣ ማለትም ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና፣ ካገኛችሁ ይመረጣል፤ ድቡልቡል ስለሆነ በደንብ ይንከባለላል። ከዚያ "ስንት ነው?" ይጠይቃችሁ።

ብዙ ሰው ሁለት ነው ይላል። አርስቶትል ይህን የጻፈው ከ2,300 ዓመት በፊት ነው። ጣቶቻችን ሳይጠላለፉ ሲቀሩ፣ የሌባ ጣት ወደ አውራ ጣት ያለው ጎንና የመሃል ጣት ወደ ቀለበት ጣት ያለው ጎን ይራራቃሉ። አንድ ትንሽ ፍሬ ሁለቱን በአንዴ ሊነካ አይችልም። ዕድሜያችሁን ሙሉ እነዚያ ሁለት ጎኖች እኩል ሲነኩ የነኳቸው ነገሮች ሁለት ነበሩ። አንጎልም የጣቶቹን መጠላለፍ ከቁም ነገር ሳይቆጥር በድሮው ልምድ ይፈርዳል። አፍንጫችሁንም በተጠላለፉት ጣቶች ዳብሱት። ልጆች ሁለት አፍንጫ አገኘሁ ብለው ሲጮኹ ቤቱ ይሞቃል።

ሁለት ጣሳ

ትምህርት ቤት ሳለን "አንድ ኪሎ ጥጥና አንድ ኪሎ ብረት፣ የትኛው ይከብዳል?" ተብለን የተጠየቅን ብዙ ነን። ብረት ያለ ልጅ ይሳቅበታል። እኔ ለዚያ ልጅ ጠበቃ እቆማለሁ። እጁን ጠይቆ ከሆነ የመለሰው፣ እጁ የነገረው እንደዚያው ነው።

አንድ ትልቅ የዱቄት ወተት ጣሳና አንድ ትንሽ የሳልሳ ጣሳ አጥባችሁ አድርቁ። ትንሿ ውስጥ አሸዋ ጨምሩና ሚዛን ላይ አስቀምጧት። ቤት ሚዛን ከሌለ ባለ ሱቁን አስቸግሩት። 500 ግራም ላይ ስትደርስ አቁሙ። ትልቁንም እንዲሁ አሸዋ እየጨመራችሁ 500 ግራም አድርሱት። አሸዋው ውስጡ እንዳይንሿሿ ጋዜጣ ወይም ጨርቅ ጠቅጥቁበት፤ የተጠቀጠቀውም አብሮ ይመዘን። አፋቸውን በፌስታል ሸፍናችሁ እሰሩ። ለሁለቱም አንድ ዓይነት የሲባጎ እጀታ አድርጉላቸው። ሲባጎው አያያዙን ለሁለቱም አንድ ያደርገዋል። ያለ እሱም ይሠራል፤ ግን ተከራካሪ ሰው ካለ "አያያዙ ነው" እንዳይላችሁ።

ምን እንዳለባቸው ለማንም አትናገሩ። አንድ በአንድ፣ በአንድ እጅ አስነሱና የትኛው እንደሚከብድ ጠይቁ።

ጎረቤቴ ያሉ አንዲት እናት ቡና ሊጠጡ ሲመጡ ጣሳዎቹ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። "እማማ፣ እስቲ እነዚህን ያንሱልኝ፤ የትኛው ይከብዳል?" አልኳቸው። ትንሿን አነሱ፣ ትልቁን አነሱ፣ ተመልሰው ትንሿን አነሱ።

"አንቺ ልጅ፣ ይቺን ድንጋይ ሞልተሽባት ነው እንዴ?"

ሚዛን ላይ አስቀምጬ አሳየኋቸው። እኩል። እንደገና አነሷቸው። "ሚዛኑ ተበላሽቷል" አሉኝ። ዕድሜያቸውን ሽንኩርት ሲነግዱ የኖሩ ሴት ናቸው፤ እጃቸው ሩብ ኪሎ አይስትም። ለእርሳቸውም ትንሿ ጣሳ ከበደች።

ይህን በ1891 የመዘገበው ፈረንሳዊው ኦጉስታን ሻርፓንቲዬ ነው። ለረጅም ጊዜ ማብራሪያው የሚከተለው ነበር። ትልቅ ነገር ስናይ ከባድ ይሆናል ብለን ብዙ ኃይል እናዘጋጃለን። ጣሳው ከጠበቅነው በላይ ብድግ ሲል ቀለለን እንላለን። ሲሰሙት አሳማኝ ነው። ነገር ግን በ2000 ፍላናጋንና ቤልትዝነር የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎች ደጋግመው ሲያነሱ የጣታቸውን ኃይል ለኩ። ጥቂት ጊዜ ካነሱ በኋላ ጣቶቻቸው ለሁለቱም ዕቃ ትክክለኛውን፣ እኩል የሆነውን ኃይል መጠቀም ጀመሩ። ስሜታቸው ግን ንቅንቅ አላለም። ትንሹ አሁንም ይከብዳቸው ነበር።

ከሁሉም ሙከራ ይህን የምወደው ለዚህ ነው። እጅ ተማረ፣ ስሜት አልተማረም። እናንተም በገዛ እጃችሁ መዝናችሁ፣ በገዛ እጃችሁ አሥራችሁ፣ ስታነሱት ትንሿ ትከብዳችኋለች። እውነቱን ማወቅ ማታለያውን አያጠፋውም። ከሠልጣኞቼ አንዱ "የትኛው ቡና እንደሆነ ባውቅም አያሳስተኝም" ሲለኝ ክርክር አልገባም። ጣሳዎቹን አመጣለታለሁ።

የሌለው ቦታ

ነጭ ወረቀት ላይ በግራ በኩል የመደመር ምልክት አድርጉ። ከእሱ በስተቀኝ 8 ሴንቲ ሜትር ርቃችሁ የቡና ፍሬ የምታህል ቀይ ነጥብ አድርጉ። ግራ ዓይናችሁን በእጃችሁ ሸፍኑ። በቀኝ ዓይናችሁ የመደመር ምልክቱን ብቻ እዩ። ወረቀቱን ከፊታችሁ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያዙትና ቀስ እያላችሁ አስጠጉት፣ አርቁት። አንድ ቦታ ላይ ነጥቡ ድርግም ይላል። ዓይናችሁ ወደ ነጥቡ ከሄደ አይሠራም። ልጆች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው፤ ዓይን ወደ ቀይ ነገር መሄድ ይወዳል።

ከዓይን ኋላ ብርሃን የሚቀበል ሬቲና የሚባል ስስ ሽፋን አለ። ከሬቲናው የሚነሱት ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ክሮች ተሰብስበው ወደ አንጎል የሚወጡበት ቦታ ላይ ብርሃን ተቀባይ ሕዋስ የለም። ፈረንሳዊው ኤድም ማርዮት በ1660ዎቹ ያገኘው ይህን ቦታ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው ነገር ሊሰወርበት ይችላል። ከተወለድን ጀምሮ አብሮን አለ። በእያንዳንዱ ዓይናችን። ሁለቱ ዓይኖች ሲገለጡ አንዱ የሌላውን ይሸፍናል። ግን አንዱን ስንጨፍንስ? ያኔም ቢሆን ማንም ቀዳዳ አይቶ አያውቅም።

ለምን እንደሆነ ለማየት በነጥቡ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚያልፍ 10 ሴንቲ ሜትር የሚያህል ወፍራም ሰማያዊ መስመር አስምሩና ድገሙት። ነጥቡ ይጠፋል። መስመሩ ግን አይቆረጥም። ቀጥ ብሎ ያልፋል። እዚያ ቦታ ላይ ዓይናችሁ ምንም አላየም፤ የቀረውን ያሰመረው አንጎላችሁ ነው። በዓይኔ በብረቱ አየሁ ብሎ የሚምል ሰው ስሰማ ይህ ሰማያዊ መስመር ትዝ ይለኛል።

እግረ መንገዳችሁን

እነዚህ አጫጭር ናቸው። ጎን ለጎን ሞክሯቸው።

መስታወት ፊት ቁሙና ግራ ዓይናችሁን፣ ከዚያ ቀኝ ዓይናችሁን፣ እያፈራረቃችሁ እዩ። ዓይናችሁ ሲንቀሳቀስ አታዩትም። አጠገባችሁ የቆመ ሰው ግን ቁልጭ አድርጎ ያየዋል። ዓይን ከቦታ ቦታ ሲዘል የሚፈጠረውን ብዥታ አንጎል ያፍነዋል። በስልክ የፊት ካሜራ ስትሞክሩት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይታያችኋል፤ ስልኩ ምስሉን ለቅጽበት ስለሚያዘገየው።

የሻይ ብርጭቆ አንሡና የቤተሰቡን ሰው "ቁመቱ ነው የሚበልጠው ወይስ የአፉ ዙሪያ?" በሉት። ብዙ ሰው ቁመቱ ይላል። ከዚያ ክር ዙሪያውን አዙራችሁ ከቁመቱ ጋር አስተያዩት። ዙሪያው በሰፊው ይበልጣል። ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ከአግድሙ ረዝሞ ይታየናል።

ራሳችሁን ኮርኩሩ። አይሆንም። ሣራ ጄን ብሌክሞርና ባልደረቦቿ በ1998 እንዳሳዩት፣ እጃችን ሲንቀሳቀስ ሴሪብለም የሚባለው የአንጎል ክፍል የሚመጣውን ንክኪ አስቀድሞ ይተነብያል። የተጠበቀ ንክኪ ይደበዝዛል። የሌላ ሰው እጅ ግን አይጠበቅም።

ሦስት ሳህን አዘጋጁ። አንዱ የፍሪጅ ውኃ፣ አንዱ እጅ የማያቃጥል ሙቅ ውኃ፣ የመሃሉ ለብ ያለ። አንድ እጅ በቀዝቃዛው፣ ሌላውን በሙቁ ውስጥ አንድ ደቂቃ ያህል አቆዩ። ሁለቱንም መሃል ክተቱ። ያው ውኃ ለአንዱ እጅ ይሞቃል፣ ለሌላው ይቀዘቅዛል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ1690 ለክርክሩ የተጠቀመበት ምሳሌ ነው።

አዌቱ ወንዝ ክረምት ላይ ሲሞላ ድልድዩ ላይ ቆማችሁ፣ ልጆችን ይዛችሁ፣ ውኃው ላይ አንድ ቦታ ብቻ ለአንድ ደቂቃ ያህል ትኩር ብላችሁ እዩ። ከዚያ ዓይናችሁን ዳር ወዳለው ሣር አዙሩ። ሣሩ ወደ ላይ፣ ወንዙ ወደ መጣበት የሚንሸራተት ይመስላል። ሮበርት አዳምስ የተባለ ሰው በ1834 ስኮትላንድ ውስጥ ፏፏቴ ሲያይ ይህንኑ ጽፏል። አንጎል ውስጥ ወደ ታች የሚሄድን ነገር የሚከታተሉት ሕዋሳት ሲደክሙ፣ ወደ ላይ የሚሄደውን የሚከታተሉት ሚዛኑን ይወስዱታል።

ጅሬን ላይ የምትወጣው ጨረቃ

ሙሉ ጨረቃ በምትሆንበት ቀን፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ፣ ሰማዩ ጥርት ካለ፣ ምሥራቁ ወደሚታይበት ቦታ ውጡ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ባለበት በጅሬን በኩል ብቅ ስትል ግዙፍ ናት። እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉና በትንሿ ጣታችሁ ሸፍኗት። ሙሉ በሙሉ ትሸፈናለች፤ እንዲያውም ቦታ ይተርፋል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ፣ አናት ላይ ስትሆንና ትንሽ ስትመስል፣ እንደገና ሸፍኗት። ያው ነው። ሰማይ ላይ የምትይዘው ስፋት ሁለቱም ጊዜ ግማሽ ዲግሪ ገደማ ነው። እንዲያውም አናታችን ላይ ስትሆን በምድር ግማሽ ስፋት ያህል ስለምትቀርበን፣ በጥቂቱም ቢሆን የምትሰፋው ያኔ ነው።

በባስራ የተወለደው ኢብን አል ሃይተም በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነገሩ ከሰማዩ ሳይሆን ከእኛ ፍርድ እንደሚመጣ ጽፏል። አድማሱ ጋ ስትሆን በእኛና በእሷ መካከል ዛፍ አለ፣ ቤት አለ፣ ኮረብታ አለ። አንጎል ያን ሁሉ አይቶ ሩቅ ናት ብሎ ይወስናል። ሩቅ ሆና ይህን ያህል ከታየች ደግሞ ትልቅ መሆን አለባት። ሳይንቲስቶች በዝርዝሩ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እናንተ ግን አንድ ወረቀት እንደ ቱቦ ጠቅልላችሁ በአንድ ዓይን በቀዳዳው እዩዋት። ኮረብታውና ዛፉ ሲጋረድ ጨረቃዋ እዚያው ዓይናችሁ ሥር ትኮማተራለች። ወረቀቱን አንሱት፤ ታብጣለች።

"ባ" እና "ጋ"

ስልክ የሚነካኩ ልጆች ያላችሁ ይህን አትለፉት። አንድ ሰው ካሜራ ፊት ተቀምጦ "ጋ፣ ጋ፣ ጋ" ይበል። ብርሃኑ ከፊት ይምጣ፤ ከንፈሩ በደንብ ይታይ። ከዚያ ያው ሰው በዚያው ፍጥነት "ባ፣ ባ፣ ባ" እያለ ይቀረጽ። በቪዲዮ ማቀናበሪያ አፕ የመጀመሪያውን ቪዲዮ ድምፅ አጥፉና የሁለተኛውን ድምፅ አልብሱት። አፉ ሲከፈትና ድምፁ ሲጀምር እኩል መግጠም አለባቸው። ጊዜ ስጡት፤ ከተዛነፈ ልፋታችሁ ከንቱ ነው። ከዚያ ምንም ለማያውቅ ሰው አሳዩትና ምን እንደሰማ ጠይቁት።

ብዙ ሰው "ዳ" ይላል። "ዳ" ያለ ማንም የለም። ዓይኑን ጨፍኖ እንዲያዳምጥ አድርጉት፤ "ባ" ይሰማል። ይግለጥ፤ "ዳ"። ይጨፍን፤ "ባ"።

ይህን ሃሪ ማክገርክና ጆን ማክዶናልድ በ1976 ኔቸር መጽሔት ላይ አወጡት። "ባ" ለማለት ከንፈር መግጠም አለበት። ዓይን ያየው ከንፈር ግን አልገጠመም። ጆሮ የሰማው ደግሞ "ጋ" አይመስልም። አንጎል ሁለቱን ምስክሮች ሰምቶ ለሁለቱም የሚቀርበውን ይመርጣል። ሁሉም ሰው ላይ ግን አይሠራም። ዓይናቸውን ገልጠውም "ባ" ብቻ የሚሰሙ አሉ። እነሱን አትጨቅጭቋቸው።

ገበያ ቀን ጫጫታ ውስጥ ሆነን የምንግባባው ግማሹን የሰው አፍ እያየን ነው። በኮሮና ጊዜ "ምን አልሽ?" የበዛው ማስኩ ድምፅ ስላፈነ ብቻ አልነበረም። ከንፈርም ተሸፍኖ ነበር።

ሲኒው ውስጥ

አሁን ወደ ራሴ ሜዳ መጣሁ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ።

ቡና አፍሉ። ስኳርም ጨውም አትጨምሩ። ትንሽ ይብረድ። አፍንጫችሁን በሁለት ጣት ጥብቅ አድርጋችሁ ያዙና ፉት በሉ። አፋችሁ ውስጥ አዟዙሩት። ምን አገኛችሁ? ምሬት፣ ትንሽ ጉምዛዜ፣ ሙቀት። ሌላ የለም። አሁን ዋጡትና አፍንጫችሁን ልቀቁ። ቡናው ያኔ ይመጣል፤ ሙሉው፣ ከነቃናው።

ምላስ የሚለየው ጣፋጭ፣ ጎምዛዛ፣ ጨዋማ፣ መራራና የሥጋ መረቅ ዓይነት የሆነውን ኡማሚ የሚባለውን ነው። አበባ አበባ የሚለው፣ ሎሚ ሎሚ የሚለው፣ ቅመም የሚለው ሁሉ ሽታ ነው። ከጉሮሮ ጀርባ ሽቅብ ወደ አፍንጫ ይወጣል። የሚገርመው ግን እኛ የሚሰማን አፍንጫችን ላይ አይደለም። ምላሳችን ላይ ነው። ምግቡ ያለው አፍ ውስጥ ስለሆነ አንጎል ሽታውንም ወስዶ አፍ ውስጥ ያስቀምጠዋል። በየቀኑ፣ በየጉርሻው አብረነው የምንኖር ማታለያ ነው። ጉንፋን ሲይዛችሁ ወጡ ሁሉ ጣዕም የሚያጣው ምላሳችሁ ታሞ አይደለም። ቀማሾች ቡናውን ከማንኪያ ላይ በድምፅ፣ በኃይል የምንስበውም ለዚህ ነው፤ እንዲበተንና ሽታው እንዲወጣ። ቤታችሁ ስትሞክሩት እንደ ባለጌ አትቆጠሩም።

ዓይንም ሲኒው ውስጥ ይገባል። በ2001 ፈረንሳይ ቦርዶ ውስጥ 54 የወይን ጠጅ ሙያ ተማሪዎች ሽታ በሌለው ቀለም የቀላ ነጭ ወይን ተሰጣቸው። የገለጹት በቀይ ወይን ቃላት ነበር። በ2014 አውስትራሊያ ውስጥ በተሠራ ጥናት ደግሞ ያው ቡና በነጭ ኩባያ ሲጠጣ፣ በሚያሳልፍ ብርጭቆ ከተጠጣው ይልቅ ጠንካራና ጣፋጭነቱ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የእኛ ሲኒ ነጭ ነው። ከአንድ ጀበና በነጭ ሲኒና በሻይ ብርጭቆ ቀድታችሁ ለእንግዳ አቅርቡና የትኛው ቡና እንደሚጠነክር ጠይቁ።

ሁሉም ነገር ግን ግምት አይደለም። በጅማ ዙሪያ ገጠር ቡና በጨው የሚጠጡ እናቶች ጨው ምሬቱን ያበርደዋል ሲሉ እውነታቸውን ነው። ጨው ምሬትን በእርግጥ ይቀንሳል። ጥቂት ቅንጣት ጨምራችሁ አረጋግጡ።

ከቀለም ይልቅ የሚከፋው ስም ነው። ለሠልጣኞች ከአንድ ጀበና ሁለት ሲኒ እቀዳለሁ። አንዱን "ሊሙ ነው"፣ ሌላውን "ጅማ 5 ነው" እላቸዋለሁ። ሊሙ ስመ ጥር ቡና ነው፤ ጅማ 5 ደግሞ ዝቅ ያለ ደረጃ የተሰጠው። የመጀመሪያውን የወይን ቃና አለው ይሉታል። ሁለተኛውን አፈር አፈር ይላል ይሉታል። አይዋሹም። በእውነት ቀምሰውታል። ይህ ነገር በጣም ያሳስበኛል። አንድ ገበሬ ዓመት ሙሉ የለፋበት ቡና ገና ስሙ ሲጠራ ሊረክስ ይችላል። ለዚህ ነው ቅምሻ ቤት ውስጥ ሲኒ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የማይጻፈው። ለዚህ ነው አንዳንድ ፈተና ቀለሙ እንዳይለይ በቀይ መብራት የሚሰጠው። ለዚህም ነው ሁሉም ውጤቱን ጽፎ ሳይጨርስ ማንም አፉን የማይከፍተው። ጣሳዎቹ ላይ እንዳያችሁት፣ መጠንቀቅ ብቻ አይበቃም። መረጃውን መደበቅ ያስፈልጋል።

ቤት ውስጥ የሚሠራው ፈተና ይኸውላችሁ። አቦሉን አንድ ቴርሞስ ውስጥ፣ ቶናውን ሌላ ቴርሞስ ውስጥ አስቀምጡ፤ ሙቀታቸው እንዳይለያያቸው። አንድ ዓይነት የሆኑ ሦስት ሲኒዎች ምረጡ። ታችኛው ቂጣቸው ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ሀ፣ ለ፣ ሐ ብላችሁ ጻፉ። ቀጂው ብቻውን ሆኖ ሁለቱ ውስጥ አንዱን ዓይነት፣ አንዱ ውስጥ ሌላውን ይቅዳ። የትኛው የት እንዳለ ወረቀት ላይ ይጻፍና ከክፍሉ ይውጣ። መውጣቱ ግዴታ ነው። በርሊን ውስጥ ሒሳብ ያሰላል የተባለ ሃንስ የሚባል ፈረስ ነበር። በ1907 ኦስካር ፉንግስት ሲመረምረው፣ ፈረሱ መልሱን የሚያገኘው ጠያቂው ሳይታወቀው ከሚያሳየው ትንሽ እንቅስቃሴ ነበር። ፈረስ ያነበበውን ፊት ሰው አያጣውም።

ቀማሹ ገብቶ ሦስቱንም ይቅመስ። በየመሃሉ አፉን በውኃ ይጉመጥመጥ። መብራቱን ቀነስ አድርጉለት፤ ቶና ቀለሙ ስለሚሳሳ ዓይኑ እንዳያግዘው። ከሦስቱ የሚለየውን አንዱን መርጦ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ብቻ ሲኒዎቹ ይገልበጡ።

አንድ ጊዜ ማግኘት ምንም አይደለም። ምንም የማይቀምስ ሰው እንኳ በዕድል ከ3 አንዱን ያገኛል። ሁለት ጊዜ በተከታታይ በዕድል ማግኘት ከ9 አንድ ነው። አምስት ጊዜ በተከታታይ ከሆነ ከ243 አንድ ነው፤ ያኔ ዕድል ነው ማለት ያስቸግራል። ስለዚህ በየዙሩ የሲኒዎቹን ቦታ እየቀያየራችሁ አምስት ዙር አድርጉ። አምስቱንም ያገኘ ሰው ካለ ቶናውን ተዉት። አቦልን ከአቦል ጋር አድርጉ፤ አንደኛው ላይ አንድ ማንኪያ ሙቅ ውኃ ብቻ ጨምሩና እንደገና ጀምሩ።